ነዳጅ ሲሰጧት ወደ ግራ

ባለቤቴ ሾፌር ነበር፤ ጥሩ ሾፌር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው እኔ ካልጻፍኩለት ሌላ የሚጽፍለት ሰው ስለሌለ ነው።

ሁለታችንም የጎጃም ሰዎች ነን። ወደ ሆሳዕና፣ የአገሩ ሰው ዋቸሞ ወደሚላት ከተማ የመጣነው በጃንሆይ ጊዜ፣ መኪና በግራ መነዳቱ ቀርቶ በቀኝ ይነዳ ከመባሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አንድ የጉራጌ ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ አነዳዱን አይቶ ወደደለትና፣ «ሆሳዕና ሱቅ አለኝ፣ መኪናም ገዝቻለሁ፣ ና ንዳልኝ» አለው። እኔም ተከትዬው መጣሁ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ቤተ ክርስቲያኑ ከምንከራየው ቤት ይርቅ እንደሆነ ነው። ቅርብ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቅርብ ነበር። ሩቅ የነበረው ሌላው ሁሉ ነው።

በአገራችን ሰው ሲታማ አንዱ ይነሳና «የእገሌ ልጅ እኮ ነው፣ አባቱን አውቃለሁ፣ ይህን አያደርግም» ይላል። ሐሜቱ እዚያው ይቆማል፤ ባይቆምም ያነክሳል። ሆሳዕና ውስጥ የባለቤቴን አባት የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሚስት ምስክርነት ደግሞ በየትኛውም አገር ሚዛን አይደፋም።

መኪናዋ ጋቢናዋ ሦስት ሰው የምትይዝ፣ ከኋላዋ ሸራ የለበሰች የጭነት መኪና ነበረች። በገበያ ቀን ጨው፣ ላምባና አቡጀዴ፣ ገበያተኛም ጨምራ፣ ወደ ፎንቆ ወይም ወደ ሞርሲቶ ታደርሳለች፤ ስትመለስ ቅቤ፣ ቆጮና ሰው ጭና ትመጣለች። ባለቤቴ እንደ ልጅ ነበር የሚይዛት። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ውሃ እየቀዳሁ እሱ እየፈተገ እናጥባታለን። የሚወዱትን ነገር ከማያውቅ ሰው ጋር ማውራት ደስ ይላል መሰል፣ እያጠበ ያስረዳኝ ነበር። «የፊቱ ጎማ መንገድ ያሳያል እንጂ አይሄድም» ይለኛል። «የሚገፋው የኋላው ነው። ቃሬዛ የያዙ ሁለት ሰዎችን አስቢ። አንዱ ከሌላው ከቀደመ ቃሬዛው ይጣመማል።»

አንድ የክረምት ቀን ከፎንቆ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«መኪናዋ ትስበኛለች» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ግራ። ነዳጅ ስሰጣት ወደ ግራ ትሄዳለች። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሳ ደግሞ ወደ ቀኝ ትመለሳለች። ሳልገፋት፣ እንዲሁ ስትንሸራተት ግን ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። የገረመኝ ይሄ ነው።»

ባለቤቴ ነገር ግራ ሲገባው አይቸኩልም። መጀመሪያ የግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዘዋወረ። ጥፋቱ የጎማ ከሆነ ከጎማው ጋር ጎን ይቀይራል አለኝ። አልቀየረም። ቀጥሎ ረጅም መንገድ ፍሬን ሳይነካ ነድቶ ቆመና የእያንዳንዱን ጎማ መሐል በእጁ ዳሰሰ። የያዘ ፍሬን ካለ ያ ጎማ ይግላል። ሁሉም እኩል ለብ ያሉ ነበሩ። «ፍሬን ቢሆንማ ነዳጅ ሳልሰጣትም በሳበችኝ» አለ፤ እንደገና ደፍ ላይ ተቀመጠ።

በዚያን ሰሞን መኪና በቀኝ ይነዳ ከተባለ ገና ብዙ አልቆየም። ወደ ግራ መሳብ ማለት እንግዲህ ከፊት ወደሚመጣው መኪና መሳብ ነው። ደግነቱ በዚያ መንገድ የሚመጣ መኪና ጥቂት ነበር። ተሳፋሪው ግን ነገሩን አይቶ መቀለድ ጀመረ። አንድ ቀን እኔም ጋቢና ተቀምጬ ሞርሲቶ ስንሄድ ሰምቻለሁ።

«ሾፌር፣ መኪናህ አዋጁን አልሰማችም እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ፣ በሸራው ቀዳዳ።

«አዋጁ ሲነበብ ጋራዥ ተኝታ ነበር» አለው ሌላው።

«ተዋት፣ አሮጊት ናት። የለመደችውን ነው የምትሄደው።»

«እንግዲያው ለጃንሆይ አቤት እንበልላትና እሷ ብቻ በግራ ትሂድ።»

ባለቤቴም አብሯቸው ሳቀ። እኔ ግን መሪውን የያዘበትን እጁን እያየሁ ነበር። ነዳጅ ሲሰጥ እጁ ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ ነዳጁን ሲለቅ ወደ ግራ ይመልሳል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ እጁ ግን ዕረፍት የለውም። ከውጭ ሆኖ ለሚያያት መኪናዋ ከዳር ዳር ትዋዥቃለች።

ቀልዱን ቁም ነገር ያደረገው የከተማው መካኒክ ነው። ጣልያኖች ዘንድ ሠርቻለሁ የሚል፣ የነጋዴው ወዳጅ ነበር። ነጋዴው ፊት እንዲህ አለ፦

«ሰዎቹ እየቀለዱ እውነቱን ተናገሩ። ይህች መኪና ስንት ዘመን የመንገዱን ግራ ዳር ይዛ ኖራለች። ዳሩ ዘመም ያለ ነው። መሪዋ ወደዚያ ተበልቷል፣ ጠባዩን ይዟል። መሪውን ነቅሎ ወደ ቀኝ ማስለመድ ነው።»

«ታዲያ ነዳጅ ሳልሰጣት ስለምን አትስበኝም?» አለው ባለቤቴ።

«ሰውስ ቢሆን ሲገፉት አይደል ጠባዩ የሚወጣው?»

ነጋዴው ሳቀ፤ በሳቁም ነገሩ ተወሰነ። መካኒኩ የፊት እግሯን ፈትቶ፣ ቀጥቅጦ፣ ወደ ቀኝ አስተካክዬላታለሁ ብሎ መለሳት። ከዚያ ወዲያ ባሰባት። ነዳጅ ሲሰጣት እንደ ድሮው ወደ ግራ፤ ሲለቃት ግን ፊቷም ኋላዋም ተባብረው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቦዩ ትወረወራለች። ቀልዱም ቆመ። ሰው መቀለድ ሲያቆም የሆነ ነገር አምኗል ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ምን እንዳመኑ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። የሃዲያ ተወላጅ፣ የወንጌል አማኝ፣ ደግ ሴት ነበረች። አፏን የፈታችው በሌላ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛን ቁጥብ አድርጋ፣ ቃል እየመረጠች ነው የምትናገረው። በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«እትዬ፣ አትቀየሚኝ። ጋሼ ይጠጣል ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም። መኪናው ይወዛወዛል። በቤትሽ ደግሞ ጠላ አለ። ሰው አይቷል።»

«የሚካኤል ጽዋ እኮ ነው» አልኳት።

«እኔ አውቃለሁ። እነሱ አያውቁም።»

እንዲህ ነው። ከተማው ውስጥ ጥቂት የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች፣ አብዛኞቻችን ከሌላ አገር የመጣን የመንግሥት ሠራተኞችና ሾፌሮች፣ የሚካኤል ማኅበር ነበረን። በየወሩ ተራ የደረሰው ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ጽዋው ይዞራል። ባለቤቴ በጽዋው ዕለት ከመቅመስ በቀር ጠላ ባፉ አይዞርም። ገበያ ሊሄድ ከሆነ ጽዋውንም አይቀምስም፤ ተሳልሞት ያሳልፈዋል። በዚያ ወር ግን ተራው የእኛ ነበርና ጋኑ ጓሮ ታጥቦ ተደፍቶ ነበር። በሰፈራችን ብዙዎቹ የወንጌል አማኞች ናቸው፤ መጠጥ በደጃቸው አያልፍም። የሚወዛወዝ መኪናና የታጠበ ጋን አዩ፤ አንድ ላይ አሰሩት። በየትም አገር የሚያስተውል ሰው እንዲሁ ነበር የሚያስረው።

ለባለቤቴ ነገርኩት። «መንዳት አያውቅም ቢሉኝ ይሻል ነበር» አለ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጠዋት ከሱቁ ዕቃ ከተጫነ በኋላ ሁልጊዜ የሚሳፈሩት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ነበር። እኔ ስንቁን ላቀብለው መጥቼ ነበርና ዐይኔ አይቷል። ነጋዴው ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤቴ የኋላውን መዝጊያ ከፍቶ ጠበቀ። የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው በትሕትና፣

«አንተን ጠልተን አይደለም፣ ልጄ» አሉት። «ልጆች አሉን። በእግራችን እንሄዳለን።»

ሸክማቸውን አንስተው ሄዱ። ባለቤቴ መዝጊያውን መልሶ ዘጋና ተነሳ። መንገዱ አንድ ስለሆነ እነሱ በዳር፣ እሱ በመሐል፣ ተሳፋሪ የሌላትን መኪና ይዞ አለፋቸው። ለማለፍ ነዳጅ መስጠት ነበረበት። መኪናዋ ወደ ግራ ሄደች፤ ሰዎቹ በግራ በኩል ነበሩ። ሴቶቹ ወደ ሣሩ ሸሹ።

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። ማታ ቤታችን ድረስ መጥቶ ቆሞ ተናገረ።

«ወንድሜ፣ እኔ አምንሃለሁ። ገበያው ግን አላመነህም። እኔ የምኖረው በገበያው ነው። እስከሚቀጥለው ገበያ ጥፋቱን ካገኘህልኝ አገኘኸው። ካላገኘህ ከቡታጅራ ሰው ልኬ አስመጣለሁ።»

ባለቤቴ የፈተልኩትን ድር ለመነኝ። ጠንካራውን መርጬ ሰጠሁት። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ በግራም በቀኝም ወጥሮ ለካ። የኋላው ጎማ ተጣሞ ቢሆን ክሩ ይናገራል አለኝ። ሁለቱም ጎን እኩል ሆነ። እንደገና ለካ፤ እኩል ነው። ክሩን ጠቅልሎ በእጄ ላይ አስቀመጠና፣

«ቀጥ ያለች ናት» አለ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ዘረጋልኝ። «እስቲ እይልኝ። ይንቀጠቀጣሉ?»

«አይንቀጠቀጡም» አልኩት።

«በደንብ እይ።»

ጠዋት ጠበል አምጥቼ ሰጠሁት፤ ጠጣ፣ እጁንም በጠበሉ አሸ። ሰው መኪናው ስትታመምበት በገዛ እጁ ላይ ጠበል ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል? እኔም ሳቀርብለት አላሰብኩም። የማውቀው መድኃኒት እሱ ስለሆነ ነው ያቀረብኩት።

ቅዳሜ ሲደርስ እሱ ሊያጥባት አልተነሳም። ጭቃዋን እንዳዘለች ለነጋዴው መመለሷ ለእኛ ነውር መስሎ ስለተሰማኝ ውሃውን ቀድቼ ለብቻዬ ጀመርኩ። የቀኙን የኋላ ጎማ ከላይ የሚጋርደውን ብረት ስደርስ ጭቃው እንደ ምድጃ ጠንክሮ ተጋግሯል፤ በዱላ ነው የፈለፈልኩት። ወደ ግራው ዞርኩ። እዚያም ጭቃ አለ፤ ግን ከጎማው ፊት ለፊት ባለው ጠርዝ ላይ የለም። ብረቱ ተልጦ ያበራል። ቀለሙም ሄዷል።

«እዚህ ማን ፋቀው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ና እይ።»

መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጣቱን በጠርዙና በጎማው መካከል አስገባ። ለብዙ ጊዜ ጣቱን አላወጣውም።

ከዚያ ትልልቅ ድንጋይ ፈልጎ በፊት ጎማዎቹ ፊት አስቀመጠ፣ አንቀሳቀሰው፣ ጠብቆ እንደሆነ አረጋገጠ። እኔን በግራው የኋላ ጎማ አጠገብ፣ ራቅ አድርጎ አቆመኝ።

«አሁን ነዳጅ እሰጣታለሁ፤ ድንጋዩ አያስኬዳትም። አንቺ ይህን ክፍተት ብቻ እይ። ወዲያ ወዲህ አትይ።»

ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጣት። መኪናዋ ተንጠራራች። ጎማው ሳይዞር፣ ሁለመናው ወደ ፊት ተሳበ። እጄን ያስገባ የነበረው ክፍተት ጣት የማያስገባ ሆነ። ነዳጁን ሲለቅ ጎማው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ልክ ምንም እንዳላደረገ ሰው።

«ሄደ» አልኩት። «ተመለሰም።»

ሞተሩን አጠፋ። ወደ ቀኙ አዞረኝና እንደገና አደረገው። ቀኙ አልተነቃነቀም። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ጭቃውን በቢላ ፋቀ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘው ወፍራም ብረት የሚቀመጠው ባሌስትራው፣ የመኪናዋን ክብደት በሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ላይ ነው። በባሌስትራው መሐል የሚያልፍ አንድ ብሎን ብረቱን ከቦታው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። በግራ በኩል ያ ብሎን ተቆርጧል። ከዳር ያሉት ማሰሪያዎችም ላልተዋል። ነዳጅ ሲሰጣት የግራው ጎማ ከቀኙ ይቀድማል፤ ያን ጊዜ ቃሬዛው ይጣመማል። ስትቆም ጎማው ወደ ቦታው ስለሚመለስ ክሩ እኩል አሳየን። ክሩ አልዋሸም፤ የለካነው ሥራ ፈትታ በቆመችበት ሰዓት ነው።

ከሥር ሲወጣ ፊቱ በጭቃ ተሸፍኖ ነበር፤ ከዚያ ክረምት ወዲህ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የተቆረጠውን ብሎን ይዞ፣ ሳይታጠብ፣ ወደ ነጋዴው ሱቅ ሮጠ።

ነጋዴው መጣ፣ አየ፣ ድንጋዩንም ነዳጁንም በዐይኑ አረጋገጠ። ራሱን ነቀነቀ።

«እውነት ነው» አለ። «እውነትህን ነበር።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ገበያው ስለደረሰብኝ ግን ወደ ቡታጅራው ሰው ቀድሜ ልኬበታለሁ። ቤተሰቡን ይዞ መንገድ ላይ ነው። ምን ብዬ ልመልሰው?»

ባለቤቴ፣ «ብሎኑን ልቀይርላትና ሂሳብህን እንጨርስ» አለው። ሌላ ክርክር አልተከራከረም። ብሎኑን ራሱ ቀየረ፣ ማሰሪያዎቹን አጠበቀ፣ መካኒኩ ያጣመመውንም የፊት እግሯን መልሶ አቃና። ሞክሯት መጣ። «እንደ ጥይት ቀጥ አለች» አለኝ፤ ቁልፉንም አስረከበ።

መከራችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሚቀጥለው ገበያ ሲሆን የቡታጅራው ሾፌር መኪናዋን ይዞ በከተማው መሐል ወደ ፎንቆ ወጣ፤ ነዳጅ ሰጣት፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ይህን ሁሉም አየ። ሾፌሩ ተቀየረ፣ መኪናዋ ዳነች። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? መካኒኩም፣ «መኪናዋማ ጤነኛ ነበረች፣ እኔ ራሴ አስተካክያት የለም?» ይል ነበር አሉ። ነጋዴው እውነቱን በሱቁ ሲናገር ሰዎቹ፣ «ጥሩ ሰው ነው፣ ገመናውን እየሸፈነለት ነው» ይሉ ነበር። ባለቤቴ ብሎኑን በኪሱ ይዞ ለጥቂት ጊዜ ለሰው ያሳይ ነበር። ሰዎቹ ብረቱን ሳይሆን አፉን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ማሳየቱን ተወ።

ሌሎቹን የመኪና ባለቤቶች ሥራ ጠየቀ። በጨዋ ቋንቋ መለሱት። አገራችን እንግባ ስለው ደግሞ፣ «ምን ሠርተህ ተባረርክ ሲሉኝ ምን እላለሁ?» አለኝ። ተቀመጥን። እኔ ጥጥ እፈትላለሁ፤ እሱ ደፍ ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ መኪና ድምፅ ሲሰማ ያዳምጣል፤ ማርሹ ሲቀየር ብቻ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጎረቤቴ ፊቷ በርቶ መጣች።

«እትዬ፣ በጸሎት ቤት ስለ ጋሼ ጸልየን ነበር። እግዚአብሔር ሰማ። ወንድሜ ዱራሜ የሚሄድ መኪና አለው፤ ሾፌር ይፈልጋል። ተለውጧል አልኩት። ዛሬ ከሰዓት ይመጣል።»

«እሱኮ መጀመሪያም አይጠጣም ነበር» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። «አዎ፣ እትዬ» አለችኝ፤ እንደ ታመመ ሰው ነበር የምታባብለኝ።

ወንድምየው ከሰዓት መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ተቀመጠ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዱራሜ ዳገት ጠየቀው። ባለቤቴ ሲመልስ ሰውየው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። መጨረሻ ላይ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ጠየቀ።

«እህቴ ነግራኛለች። አልፈርድብህም። እኔም ድሮ እጠጣ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ትተሃል?»

 ባለቤቴ ወደ እኔ አላየም። ስለ ብሎኑ ቢነግረው ይህም ሰው በትሕትና ተሰናብቶ እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። እውነተኛ ሰው አይቀጥሩም ነበር፤ የተመለሰ ሰካራም ግን ይቀጥራሉ።

«ትቻለሁ» አለ ባለቤቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከመቼ ጀምሮ?»

«ያችን መኪና ካስረከብኩ ወዲህ።»

ሰውየው ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው፣ እህቴ? ሚስት አትዋሽም።»

አፌን ከፈትኩ። በሐሰት አልመሰክርም ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ የኖርኩ ሰው ነኝ። አይጠጣም ነበር ብል እንጀራችን ይቀራል፤ ትቷል ብል ጠጥቶ ያውቅ ነበር ብዬ በገዛ አንደበቴ መሰከርኩበት ማለት ነው።  በቃል ፋንታ የወጣው እንባዬ ነው። ሰውየው እንባዬን አይቶ የሚፈልገውን መልስ ያገኘ መሰለው፤ «በቃ፣ በቃ፣ አለፈ» አለኝ።

ሰኞ ሥራ ጀመረ። የዱራሜን መንገድ ብዙ ዓመት ነዳ፤ ከዚያ ወዲህም በእሱ እጅ የተጎዳ ሰው የለም። የዱራሜዋ መኪናም ምንም አልነበረባትም፤ ቀጥ ትል ነበር። ተሳፋሪዎቹ ጠዋት ሲሳፈሩ ደህና አደርክ ይሉታል፤ ሲሉትም በመስኮቱ ገባ ብለው፣ ጠጋ ብለው ነው፤ ትንፋሹን ለማሽተት። እሱም ያውቃል። ቀና ብሎ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልስላቸዋል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ይቀመጣሉ።